የ1955ቷ ክራይስለር ሲ-300 በ1፡18 ልኬት፦ ከመደርደሪያ በተለቀመ ዕቃ የተሠራች ፈጣን መኪና

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ለጥምቀት ከዋሽንግተን ጎንደር ሲገባ፣ የሻንጣውን ግማሽ የያዘና በሁለት ፎጣ የተጠቀለለ ካርቶን ይዞልኝ መጣ። ዋጋው 130 ዶላር ነበር፤ እርሱ እዚያ ከፈለ፣ እኔም እዚህ አስልቼ በብር ለአክስቴ ሰጠኋት፤ አክስቴ ገንዘቡ ስለ ምን እንደሆነ ስትሰማ «ለአሻንጉሊት?» ብላ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ግን ለልጅ የሚሰጥ መጫወቻ አይደለም። የአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955፣ በእኛ በ1947 ዓ.ም፣ ለገበያ ያቀረባት ሲ-300 የተባለችው የቅንጦት መኪና፣ መጠኗ በአሥራ ስምንት ተከፍሎ፣ ከቀለጠ ብረት በቅርጽ ተቀድታ የተሠራች ሞዴል ናት። ርዝመቷ 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ቀለሟ ነጭ፣ ሁለቱ በሮቿ፣ ኮፈኗና የኋላ ዕቃ መጫኛዋ የሚከፈቱ፣ መሪዋም የፊት ጎማዎቿን የሚያዞር ነው። ሦስት ወር ጠረጴዛዬ ላይ ካቆየኋት በኋላ ጥሩዋንም መጥፎዋንም ለመናገር የሚያበቃ ትውውቅ ያለን ይመስለኛል። የሠሪውን ስም የማልጠቅሰው ቅሬታዬ በእጄ በገባችው በአንዲቱ ብቻ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ነው።

ሞዴሏን ለመመዘን እውነተኛዋን መኪና ማወቅ ግድ ይላል። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የቅንጦት መኪና ሲባል ሰፊ፣ ከባድ፣ ለስላሳና የተረጋጋ ማለት ነበር፤ ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ትንሽና ቀላል መኪና ይፈልጋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሲ-300 ሁለቱን በአንድ አካል አዋሐደች። ርዝመቷ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ክብደቷ ከ1,800 ኪሎ በላይ የሆነች፣ ስድስት ሰው በቆዳ ወንበር ላይ ተዝናንቶ የሚቀመጥባት መኪና ሆና፣ 5.4 ሊትር የሆነው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሯ 300 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር፤ ስሟም የመጣው ከዚህ ቁጥር ነው። በዚያው ዓመት የካዲላክ ኤልዶራዶ ጉልበት 270፣ የፓካርድ ካሪቢያን 275 ነበር፤ የስፖርት መኪና ናት የምትባለው ሼቭሮሌት ኮርቬት እንኳ በአዲሱ ስምንት ሲሊንደሯ 195 ላይ ነበረች። ክራይስለር ወደ 300 የደረሰው አዲስ ሞተር ፈልስፎ አልነበረም። ኒው ዮርከር በተባለችው ሌላዋ መኪናው ላይ የነበረውን ሞተር ወስዶ፣ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅሉ፣ እያንዳንዳቸው አራት አራት ጉሮሮ ያላቸውን ሁለት ካርቡራተሮች ጫነበት፤ የአየርና የጭስ በሮቹን፣ ማለትም ቫልቮላዎቹን፣ ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ ለውድድር የታሰበ ካምሻፍት ሰጠው፤ ቫልቮላዎቹን የሚገፉትንና በዘይት ግፊት የሚሠሩትንም ታፔቶች አንስቶ በደረቅ ታፔት ለወጣቸው። የተሠሩት በጠቅላላው 1,725 ብቻ ናቸው፤ የአንዷም መነሻ ዋጋ ከ4,000 ዶላር በላይ ነበር።

ይህችን መኪና ከእኩዮቿ ሁሉ አብልጬ የምወዳት ግን ስለ ጉልበቷ አይደለም፤ ስለ አሠራሯ ነው። ሐሳቡን የገፋው መሐንዲስ ሮበርት ሮጀር፣ መልኩን የያዘው ደግሞ የንድፍ ኃላፊው ቨርጂል ኤክስነር ነበሩ፤ ለአዲስ አካል ማውጫ የሚሆን ሰፊ ገንዘብ ግን በእጃቸው አልነበረም። ስለዚህ ኩባንያው መደርደሪያ ላይ ካለው ዕቃ ለቀሙ፦ ዋናውን አካል ከኒው ዮርከር፣ የኋላ ጎኖቹን፣ ጌጥ ከሚያንሰው ከሌላው መኪናቸው ከዊንድዘር፣ የፊት ማስኬሪናውን (ፍርግርጉን) ደግሞ ከሁሉ ውድ ከነበረው ከኢምፔሪያል ወሰዱ። እኛ ጎንደር ውስጥ መለዋወጫ ሲጠፋ ከሦስት መኪና አንድ መኪና ማውጣትን እናውቀዋለን፤ ባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርገው አፍሮ ነው፣ የበሩ ቀለም ከፓራፋንጎው እንዳልገጠመ ሰው እንዳያይበት በማታ ይነዳል። እነዚህ ሰዎች ያንኑ አደረጉ፤ ልዩነቱ የለቀሙት ካጡት ተነሥተው ሳይሆን መርጠው መሆኑ ነው። ከጨመሩት ይልቅ የቀነሱት ይበልጣል፦ የጎኑን ኒኬል አሳነሱ፣ የውጭ ስፖኪዮ አላደረጉላትም፣ ቀለሙን በጥቁር፣ በቀይና በነጭ ብቻ ወሰኑት፣ የውስጡንም ቆዳ በአንድ ዓይነት ቡናማ ላይ አቆሙት። እንዲህ ያለችው መኪና ሞዴል የምትመዘነው እንግዲህ በዚሁ ነው፦ ሠሪው የተለቀመውን በትክክል ለቅሟል ወይ? የተተወውንስ ትቶታል ወይ?

በለቀማው አብዛኛውን አሳክቷል። በመሐል ተከፍሎ እንደ ሁለት መስኮት የሚታየው የኢምፔሪያሉ ማስኬሪና አንድ ወጥ በሆነ ፕላስቲክ ላይ ኒኬል ተቀብቶ የተለጠፈ ሳይሆን፣ ከኋላው ጥቁር ባዶ ቦታ ያለው ቀዳዳ ቀዳዳ ሥራ ነው፤ ብርሃን ሲያልፍበት ጥልቀት አለው። እንደ ማማ የቆሙት የኋላ መብራቶች በቀይ ቀለም የተቀቡ ሳይሆኑ ብርሃን በሚያሳልፍ ቀይ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። በበሩና በኋላ መስኮቱ መካከል ምሰሶ የለም፤ እውነተኛዋም እንዲህ ነበረች፣ መስኮቶቹ ሁሉ ሲወርዱ ጎኗ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ክፍት ይሆን ነበር። የጎኑ መስመር ቀጭን ነው፤ ብዙ ሞዴል ሠሪዎች ኒኬሉን በጥቂቱ አወፍረው መኪናውን የሠርግ ኬክ ስለሚያስመስሉት፣ ይህ ብቻ ለእኔ የ20 ዶላር ዋጋ አለው።

በተተወው ላይ ግን ሳተ። በሁለቱም በሮች ላይ፣ እንደ ጆሮ የቆሙ፣ ክብ የኒኬል ስፖኪዮዎች ተክሏል። ካርቶኑን በከፈትሁበት ማታ መጀመሪያ ያየሁት እነርሱን ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። ሠሪው ሳያውቅ ቀርቶ ነው ብዬ አላምንም፤ ስፖኪዮ የሌላት መኪና ለዛሬ ገዢ የጎደላት ስለሚመስለው አስቦ የጨመረው ይመስለኛል፤ ይህ ደግሞ ባለማወቅ ከመሳሳት ይብሳል።

ስለ ሞተሩ የራሴ ዕውቀት ስለማይበቃኝ ሞዴሏን በካርቶኗ አቅፌ ወደ አውቶፓርኮ ሄድሁ። እዚያ ከሰባ ዓመት ያለፉ፣ ዛሬ ጋራዡን ለልጆቻቸው ትተው በር ላይ ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ መካኒክ አሉ፤ በወጣትነታቸው አሥመራ ሠርተዋል፣ በቃኘው ጣቢያ የነበሩትን የአሜሪካኖች መኪናዎችም ጠግነዋል። «ጋሼ፣ ይህችን ያውቋታል?» አልኋቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ በክብሪት እንጨት ኮፈኗን ቀና አድርገው፣ ረጅም ጊዜ አዩ። «እርሷን አላየኋትም፤» አሉ በመጨረሻ፣ «ሞተሯን ግን ከፍቼዋለሁ።»

ከዚያ የጠጡበትን ስኒ አተላውን ደፍተው ካርቶኑ ላይ በአፉ ደፉት። የብዙ ሞተር ቴስታታ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት፣ ውስጡ ጠፍጣፋ ወይም ዘንበል ያለ ጣሪያ ነው፤ የዚህ ግን የስኒ ውስጥ ነው አሉኝ፣ ግማሽ ሉል። ጠቋሚ ጣታቸውንና የመሐል ጣታቸውን ፊት ለፊት አዘንብለው ከስኒው ጎንና ጎን አሳረፉ፤ አንዱ አየርና ቤንዚን የሚገባበት፣ ሌላው ጭሱ የሚወጣበት ቫልቮላ ነው። ክብሪቷንም በስኒው ቂጥ መሐል ላይ አቆሟት፤ እርሷ እሳት የምትጭረው ካንዴላ ናት። ቫልቮላዎቹ ጎን ለጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ስለሚቆሙ ሰፊ ሆነው ይሠራሉ፤ አየሩ በአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው ወገን ሳይጠማዘዝ ይወጣል፤ ካንዴላው መሐል ስለሆነም እሳቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። ዋጋውም አለው፦ በየቴስታታው ላይ ቫልቮላዎቹን የሚገፉ ዘንጎች ሁለት ሁለት ያስፈልጋሉ፣ ብረቱም ይበዛል። «ቴስታታውን ለሁለት ነበር የምናነሣው፤ ብቻውን የሞከረ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል» አሉ። ስለ ሞተር የጻፉ ብዙ ገጾችን አንብቤያለሁ፤ በስኒ የገባኝን ያህል ግን የገባኝ የለም።

ሞዴሏ በዚህ ረገድ ያኮራል። ካንዴላው የሚገባው በቴስታታው ክዳን መሐል ስለሆነ ሽቦዎቹ በጎን አይታዩም፤ በክዳኑ ላይ ርዝመቱን ይዞ በሚሄድ ሽፋን ሥር ይገባሉ፣ ሞዴል ሠሪውም ይህን በትክክል አድርጎታል። ሽማግሌው ወደ ጋራዡ የገባ አዲስ ልጅ «ካንዴላው የታለ?» ብሎ ሲዞር ይሳቅበት እንደነበር አስታውሰው አሁንም ሳቁ። የአየር ማጣሪያው ክዳን ግን በሙጫ የተያዘ ነው፣ አይነሣም፤ ስለዚህ የመኪናዋ ዋና ምሥጢር የሆኑት ሁለቱ ካርቡራተሮች አይታዩም። በ130 ዶላር ይህን መሸፈን ንፉግነት ነው።

እኔ ያላየሁትን ስሕተት ያዩት እርሳቸው ናቸው። ባትሪዋን በክብሪቷ ጫፍ እየነኩ ክዳኖቿን ቆጠሩ፦ ስድስት። «ይህ አሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ የዚያ ዘመኑ ስድስት ቮልት ነበር፣ ክዳኑም ሦስት ነው» አሉ። እቤት ገብቼ ሳጣራ እውነታቸውን ነው፤ አንዱ የባትሪ ክፍል ሁለት ቮልት ስለሚሰጥ ስድስት ቮልት ሦስት ክፍል ነው፣ ክራይስለርም ወደ 12 ቮልት የተሻገረው በ1956 ነው። የሩዝ ፍሬ የማታክል ባትሪ ላይ ይህን መጠየቅ ከልክ ያለፈ ነው የሚል ይኖራል። ሆኖም ሠሪው ክዳኖቹን ለመቁጠር እስከሚያስችል ድረስ አጥርቶ ከሠራቸው፣ ቆጥረን ብንገኝ ጥፋቱ የእኛ አይደለም።

ጨዋታው በዚያው ወደ ጎንደር መጣ፤ ይህች መኪና እዚህ ብትሆን ምን ትሆን ነበር? ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፤ አየር በራሱ የሚስብ ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ስለዚህ 300ው ወደ 240 ይወርድ ነበር። ካርቡራተሩ ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ስለሚሰጥ ቅልቅሉ ይወፍራል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። አሥመራም ከፍታዋ ከእኛ ስለማያንስ፣ ከጠፍጣፋው አገር በመርከብ የመጣችውን መኪና ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርጉላት ቤንዚን መለኪያውን ቀዳዳ በጠባብ መለወጥ እንደነበረ ነገሩኝ፤ በዚህች ላይ ባለ አራት ጉሮሮ ሁለት ስለሆነ ሥራው እጥፍ ነው። የማርሹን ነገር ሳነሣ ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ። ሲ-300 የነበራት ፓወርፍላይት የተባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ወደፊት የሚሄድባቸው ማርሾች ሁለት ብቻ ነበሩ፣ ፍሬኗም በአራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ነው። «ሊማሊሞን በሁለት ማርሽ ልትወርድ?» አሉኝና ስኒያቸውን አንሥተው «እግዜር ያውጣህ» ብለው ዝም አሉ።

በተሠራችበት አገር ግን ሜዳውና መሮጫው ነበራት። በ1955 በዴይቶና የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በተደረገው የፍጥነት ልክ በሰዓት 205 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጣለች። የጀልባ ሞተር አምራች የነበረው ካርል ኪካፈር ባቋቋመው ቡድን ውስጥ የነዳው ቲም ፍሎክ በዚያው ዓመት 18 ውድድሮችን አሸንፎ ናስካር የተባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ሻምፒዮን ሆነ፤ በቀጣዩም ዓመት ባክ ቤከር ለዚሁ ቡድን እየነዳ ማዕረጉን ወሰደ። ብዙዎቹ ውድድሮች የሚካሄዱት አስፋልት ባልለበሰ የአፈር ክብ ላይ እንደነበር ስናስታውስ፣ ባለ ቆዳ ወንበሯ ግዙፍ መኪና አቧራ ለብሳ ቀላሎቹን ስታልፍ ምን ትመስል እንደነበር ማሰብ ደስ ይላል። ሞዴሉ በውድድር ቁጥር የተጻፈበትም ዓይነት አለው ይባላል፤ እኔ ግን ቁጥር የሌላትን መረጥሁ፣ የዚህች መኪና ጌጥ ከውጭ ምንም አለመናገሯ ነውና።

ወደ ውስጧ ልመለስ። በሮቿ ሲከፈቱ ክሩስኮቷ (ከመሪው ፊት ያለው የመቁጠሪያዎች ሰሌዳ) ላይ ያለው ሥራ ከጠበቅሁት በላይ ነው፦ እስከ 150 ማይል፣ ማለትም 240 ኪሎ ሜትር ድረስ የተጻፈው የፍጥነት መቁጠሪያ በማጉያ መስታወት ይነበባል፤ የማርሽ መምረጫውም፣ እንደ ብዙዎቹ ሞዴሎች ከመሪው ሥር በስሕተት የተተከለ ሳይሆን፣ በትክክለኛው ቦታ ከክሩስኮቱ ብቅ ብሎ ወደ ላይ የቆመ ቀጭን ዘንግ ነው። (በ1956 ይህ ዘንግ ቀርቶ በሚጫን ቁልፍ ተተካ፤ ስለዚህ ዘንጉ የዓመቱ ማኅተም ነው።) ወንበሮቹ ግን አሳፍረውኛል። ቀለማቸው ትክክለኛው ቡናማ ሆኖ ሳለ እንደታጠበ ሳህን ያብለጨልጫሉ፤ ቆዳ እንዲህ አያብለጨልጭም። ከአራቱ ጎማዎች በአንዱ ላይ ነጩ ክብ ከመሐሉ ፈቀቅ ብሎ ስለታተመ መኪናዋን በጣት ሲገፏት ጎማው የሚያነክስ ይመስላል፤ የግራው በር ደግሞ ሲዘጋ በፀጉር ያህል ክፍተት ይተዋል። የነጩ ቀለም አቀባብ ንጹሕ ነው፣ ስለ እርሱ የምለው የለኝም።

ገንዘቡ ያላቸውና ምርጫ የገባቸው ሰዎች ዘወትር የሚጠይቁኝ በ1957 የወጣችውን ተከታይዋን 300ሲን ለምን እንዳልገዛሁ ነው። እርሷ በ6.4 ሊትር ሞተር 375 የፈረስ ጉልበት ነበራት፣ ካምቢዮዋ ባለ ሦስት ማርሽ ሆነ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ዓይነትም መጣላት፤ የኋላ ፓራፋንጎዋ ደግሞ እንደ ዓሣ ክንፍ ወደ ሰማይ ተነሣ። በመንገድ የተሻለችው እርሷ እንደሆነች አልክድም። ተከታዮቿም በየዓመቱ አንድ አንድ ፊደል እየተሰጣቸው፣ ከቁጥር 1 ጋር የምትምታታዋን «አይ»ን ብቻ ዘለው፣ እስከ 1965ቷ 300ኤል ዘለቁ። ነገር ግን 300ሲ ገና ቆማ ሳለች ፈጣን መሆኗን ትናገራለች፤ የመጀመሪያዋ ግን የባንክ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ በር ላይ ብትቆም ዘበኛው ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋታል እንጂ አይጠረጥራትም።

ለመግዛት ለሚያስብ የጎንደር ሰው አንድ ሁለት ነገር ልንገር። በጋ ላይ አቧራችን በተዘጋ መስኮትም ስለሚገባ በማስኬሪናው ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀመጣል፤ በጨርቅ ከተጠረገ ኒኬሉን ይልጣል፣ ስለዚህ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይሻላል። እኔ ፒያሳ አካባቢ ካለ መስታወት ቆራጭ ዘንድ አምስት ገጽ ያለው መክደኛ አሠርቻለሁ፤ ሰውየው ለጫማ መደብር እንጂ ለመኪና ሠርቶ እንደማያውቅ እየነገረኝ በግማሽ ቀን አደረሰልኝ። ልጆች ባሉበት ቤት ከዓይን ከፍታ በላይ ትቀመጥ። ዋጋውን በተመለከተ፣ ስለ ማስኬሪናው፣ ስለ ሞተሩና ስለ ክሩስኮቱ 100 ዶላር ሳልከራከር እከፍላለሁ፤ የቀረውን 30 ሠሪው ካርቡራተሮቹን እስኪያሳየኝ ድረስ በእጄ ባቆየው ደስ ይለኝ ነበር።

ስፖኪዮዎቹን በተመለከተ ለሠሪው ጽፌ መልስ ሳላገኝ ቀረሁ። ባለፈው ሳምንት እንደገና ወደ አውቶፓርኮ ሄጄ ስነግራቸው፣ ሽማግሌው ምንም ሳይሉ ከልጃቸው ምላጭ አስመጡ፤ ሁለቱንም ስፖኪዮ ከሥራቸው ቆረጡ፤ የቀሩትን ሁለት ቀዳዳዎች ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ ከነበረች ቁራጭ ጧፍ ሰም ቆንጥረው በአውራ ጣታቸው አሙቀው ሞሏቸው። ከፊት ሲያዩዋት ምንም አይለይም፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በመስኮቴ ሲገባ ግን በበሮቿ ላይ ሁለት ትንንሽ ነጥቦች ቢጫ ይላሉ።